የልብ ባትሪ የሚመዘግበው እርምጃ



የኮሚኒቲው አዘጋጆች «ስለ ልብ ጤና አንድ ምሽት ንግግር አድርግልን» ብለው ሲጋብዙኝ የርእሱን ነገር ለእኔ ተዉት። ስለ ጨው፣ ስለ ቅባት፣ ስለ ደም ግፊት ያልሰማ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ እምብዛም የማይወራለትን ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ፔስሜከር፣ በተለምዶ የልብ ባትሪ የምንለው፣ ደረቱ ውስጥ የተተከለለት ሰው በየቀኑ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ በብዙዎቹ የዛሬ መሣሪያዎች ላይ ይመዘገባል። ባለቤቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን አያውቅም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚያ መዝገብ ነው።

አንዲት ነገር ደጋግሜ እላለሁ፤ ሌላው ሁሉ ቢረሳ እሷን ይዛችሁ እንድትወጡ ስለምፈልግ ነው፦ መዝገቡን ጠይቁ።

መጀመሪያ መሣሪያው እንቅስቃሴን እንዴት እንደሚያውቅ እነግራችኋለሁ። ቀጥዬ ያ ቁጥር ለሐኪም ምን እንደሚጠቁመው አነሣለሁ። ከዚያ ሰፋ አድርጌ የማየው እዚህ ጅቡቲ ላይ፣ በዚህ ሙቀትና በዚህ አኗኗር፣ ቁጥሩ እንዴት መነበብ እንዳለበት ነው። መረጃው የማን ነው የሚለውንም ሳልነካ አልወርድም።

«እኔ ባትሪ የለኝም፣ ምን አገባኝ?» የሚል ይኖራል። አባቱ ወይም እናቱ፣ ጎረቤቱ ወይም የሥራ ባልደረባው ካለው ግን ንግግሩ ከታማሚው ይበልጥ ለእሱ ነው፤ ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

አሁን ይህችን መሣሪያ ከፊት ያላችሁ እየተቀባበላችሁ እዩዋት። አገልግሎቷን የጨረሰች ናት። ክብደቷ ከ20 እስከ 30 ግራም ቢሆን ነው። ሽፋኗ ቲታኒየም ነው። ከላይ ያለው ግልጽ ክፍል ሽቦዎቹ የሚሰኩበት ነው፤ ሽቦዎቹ በደም ሥር ገብተው ልብ ድረስ ይወርዳሉ። ውስጧ የሊቲየም ባትሪና ትንሽ ኮምፒውተር አለ። ከእነሱ ጋር ደግሞ የሰውነትን ንቅናቄ የሚለካ ሴንሰር አለ፤ በየኪሳችሁ ያለው ስልክ እርምጃ የሚቆጥርበት ዓይነት ማለት ነው። የምትቀመጠው ከአንገት አጥንት ዝቅ ብሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል፣ ከቆዳ ሥር ነው።

ነገሩ የተጀመረው ስዊድን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 8 ቀን 1958 ካሮሊንስካ ሆስፒታል ውስጥ ቀዶ ሐኪሙ ኦኬ ሴኒንግ፣ ኢንጂነሩ ሩነ ኤልምክቪስት የሠራውን መሣሪያ አርነ ላርሶን በሚባል የ43 ዓመት ሰው ሰውነት ውስጥ ተከለ። ላርሶን ልቡ በቀን ብዙ ጊዜ እየቆመበት ራሱን ይስት ነበር። ሐኪሞቹን ወጥራ ይዛ ያስወሰነቻቸው ባለቤቱ ነበረች። የመጀመሪያው መሣሪያ ለሰዓታት ብቻ ሠርቶ ቆመ፤ በሌላ ተተካ። ሰውየው ግን በዕድሜው ከ20 በላይ መሣሪያ እየቀያየረ እስከ 2001 ኖረ፤ 86 ዓመት ሞላው። የተከለለት ሐኪምም የሠራለት ኢንጂነርም ቀድመውት አረፉ። ይህን የማወራላችሁ ባትሪ ተተከለ ሲባል «አበቃለት» የሚል ሰው ስለማይጠፋ ነው።

የዚያን ጊዜዎቹ መሣሪያዎች ልብን የሚመቱት በአንድ ፍጥነት ነበር። ሰውየው ቢተኛም ደረጃ ቢወጣም ያው ነው። ጤነኛ ልብ ግን እንዲህ አይደለም፤ ስንራመድ ይፈጥናል፣ ስናርፍ ይረጋል። በ1980ዎቹ ኢንጂነሮች ይህን ለማስተካከል ሴንሰር አስገቡ። ሰውነት ሲነቃነቅ ሴንሰሩ ያውቃል፣ መሣሪያው ምቱን ያፈጥናል። እንግዲህ ሴንሰሩ የገባው ሰውን ሊከታተል ሳይሆን ሰው ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ እንዳያጥረው ነው። ከገባ በኋላ ግን ያየውን ማስቀመጥ ቻለ። ዛሬ ብዙዎቹ መሣሪያዎች በቀን ውስጥ ስንት ደቂቃ ወይም ስንት ሰዓት እንደተንቀሳቀሳችሁ ይደምራሉ። ሁሉም ንቅናቄ አይቆጠርም፤ ወለል አለው። በአንዳንዶቹ ወለሉ በደቂቃ 70 እርምጃ ገደማ የሆነ አካሄድ ነው። ከወንበር ወደ አልጋ መንፏቀቅ አይገባም፤ ወደ ሱቅ ደርሶ መመለስ ይገባል።

ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ ባለሙያው ደረታችሁ ላይ አንድ ነገር አስቀምጦ ኮምፒውተሩን ያያል። አብዛኛውን ጊዜ «ባትሪው ደህና ነው፣ ስድስት ዓመት ይቀረዋል» ብሎ ይሸኛችኋል። ያው ኮምፒውተር ግን ሌላ ገጽም አለው። በአንድ ታዋቂ ኩባንያ መሣሪያ ላይ የ14 ወር ታሪክ በአንድ ወረቀት ይወጣል፦ አንዱ መስመር የልብ ምት በቀንና በሌሊት፣ ሌላው መስመር በቀን የተንቀሳቀሳችሁበት ሰዓት። መስመሩ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። በዓል የዋላችሁበት ሳምንት፣ ጉንፋን የጣላችሁ ሳምንት፣ ሁሉም እዚያ ላይ አለ። መዝገቡን ጠይቁ ስል ይህን ወረቀት ማለቴ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ይህ ቁጥር ለምን ይጠቅማል?

ሐኪም «እንዴት ነህ? ትራመዳለህ?» ብሎ ሲጠይቅ እኛ ምን ብለን እንመልሳለን? «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።» «አልሐምዱሊላህ።» መልካም መልስ ነው፤ ለሕክምና ግን አይበቃም። ሰው ራሱም አያስተውለውም፤ ድካም ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ዛሬ ከትናንት የተለየ አይመስለውም። መስመሩ ግን ያሳያል።

በ2015 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ98,000 በላይ ዲፊብሪሌተር የተተከለላቸው ሰዎች ታይተዋል። ዲፊብሪሌተር ማለት ልብ በአደገኛ ሁኔታ ሲያብድ በኤሌክትሪክ መትቶ የሚመልሰው መሣሪያ ነው። ሰዎቹን በመሣሪያቸው መዝገብ መሠረት ከብዙ ተንቀሳቃሽ እስከ ጥቂት ተንቀሳቃሽ በአምስት ከፈሏቸው። በጣም ከሚንቀሳቀሱት ከ100ው 90ው ከአራት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ከሁሉም ያነሰ ከሚንቀሳቀሱት ግን ግማሾቹ ብቻ። በቅንነት መነገር ያለበት ነገር አለ፦ በጽኑ የታመመ ሰው ድሮም መራመድ ስለሚያቅተው ልዩነቱን ሁሉ መራመድ ብቻ አመጣው ማለት አይቻልም። ያም ሆኖ ቁጥሩ ራሱ ትልቅ ምልክት ነው።

ሌላም አለ። ልብ መድከም ሲጀምር ሰው እግሩ ሳያብጥ፣ ትንፋሹ ሳይቆራረጥ በፊት እንቅስቃሴው ይቀንሳል። በ2017 የወጣ ጥናት የልብ ድምፅን፣ አተነፋፈስን፣ በደረት ውስጥ የሚጠራቀም ፈሳሽን፣ የልብ ምትንና እንቅስቃሴን አንድ ላይ የሚመለከት መሣሪያ ከ100 የልብ ድካም መባባሶች 70ውን አስቀድሞ መጠቆም እንደቻለ አሳይቷል፤ ማስጠንቀቂያው በአብዛኛው ከወር በላይ ቀድሞ ይመጣ ነበር። ወር ማለት ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለሕክምና አዲስ አበባ ወይም ሕንድ የሚሄድ ሰው ቪዛውን፣ ገንዘቡን፣ አስታማሚውን የሚያዘጋጅበት ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ጅቡቲ ልምጣ። ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው።

በዓይነ ሕሊናችሁ አንድ አባት ሳሉ። ዕድሜያቸው 65፣ ባልባላ የሚኖሩ፣ አዲስ አበባ ሄደው ፔስሜከር አስተክለው የተመለሱ። ልጆቻቸው ይወዷቸዋል። ውሃ ሲፈልጉ «ተቀመጡ አባዬ፣ እኔ አመጣለሁ» ይባላሉ። ሱቅ ልሂድ ሲሉ «ደግሞ ለዳቦ!» ይባላሉ። ጎረቤት ለቅሶ ሲሆን መኪና ይጠራላቸዋል። የልጅ ልጃቸውን ሊያነሡ ሲሉ ከእጃቸው ይነጠቃል። ቡና የሚቀርብላቸው አልጋቸው ድረስ ነው። ከስድስት ወር በኋላ መዝገባቸው ቢታይ መስመሩ ወለል ላይ ተኝቶ ይገኛል። ልባቸው እኮ በመሣሪያው ታግዞ በደንብ እየመታ ነው! እግራቸው ግን ሟሟ፤ ጡንቻቸው ቀለጠ። ደረጃ ሲወጡ ይደክማቸዋል፤ ቤተሰቡ ደግሞ «አየህ፣ ልባቸው ነው» ብሎ ይበልጥ ያስቀምጣቸዋል።

ይህን የሚያደርገው ፍቅር ነው፤ ማንንም ልወቅስ አልመጣሁም። በአገራችን ታማሚን ማሳረፍ የመልካም ቤተሰብ ምልክት ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ባትሪ የተተከለለትን ሰው ከሁሉ የሚጎዳው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ቀዶ ሕክምናው እስኪሽር፣ በአብዛኛው አራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ በተተከለበት በኩል ያለውን ክንድ ከትከሻ በላይ ማንሣትና ከባድ ነገር መሸከም አይገባም። መራመድን ግን ማንም አልከለከለም። በ2009 ውጤቱ የወጣ ትልቅ ጥናት ከ2,300 በላይ የልብ ድካም ታማሚዎችን አካትቶ ግማሾቹን በክትትል ስፖርት አሠርቶ አደጋ እንደሌለው አረጋግጧል፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ዲፊብሪሌተር የነበራቸው ናቸው። ክርስቲያን ኤሪክሰንን ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። ሰኔ 2021 ኮፐንሃገን ላይ በአውሮፓ ዋንጫ ሜዳ መሃል ልቡ ቆሞ ወደቀ። ዲፊብሪሌተር ተተከለለት። በቀጣዩ ዓመት ወደ እንግሊዝ ሊግ ተመለሰ፤ በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ላይ ደግሞ ጎል አገባ። እያንዳንዱ ታማሚ ኳስ ይጫወት ማለቴ አይደለም፤ የእሱ ነገር በብዙ ሐኪም ምክር የተወሰነ ነው። ለዳቦ ሱቅ መሄድ ግን ያን ያህል ምክር አይፈልግም።

ደግሞ እኛ እኮ መንቀሳቀስን የማናውቅ ሕዝቦች አይደለንም። ሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ላይ የእኛው በላይነህ ዴንሳሞ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ገብቶ የዓለምን የማራቶን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ በ17 ሴኮንድ ተቀድሞ ሁለተኛ የወጣው የጅቡቲው አህመድ ሳላህ ነበር። በዚያው ዓመት ሴኡል ላይ ለአገሩ የኦሊምፒክ ነሐስ አመጣ። ሁለቱም ሕዝብ ሩጫን ያከብራል። ሰው ሲታመም ብቻ ነው እግሩን የምንቀማው።

ሙቀቱስ? ትክክል ነው፤ ጅቡቲ ስቶክሆልም አይደለችም። ከሰኔ እስከ መስከረም በቀን ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ኻምሲን ሲነፍስ ደጅ መውጣት ራሱ ሥራ ነው። የማንኛችንም መስመር በዚያ ወቅት ቁልቁል ይሄዳል። እንግዲህ ሐኪሙ የነሐሴን ቁጥር አይቶ «ልቡ ደክሟል» ካለ ሊሳሳት ይችላል። «ሙቀት ነው» ብሎ ቢያልፈውም ሊሳሳት ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የዘንድሮን ነሐሴ ከአምናው ነሐሴ ጋር ማስተያየት። የ14 ወር ወረቀት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። አምና በዚያው ሙቀት በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ይንቀሳቀስ የነበረ ሰው ዘንድሮ ግማሽ ሰዓት ላይ ከወረደ ጥፋቱ የኻምሲን አይደለም። የአዲስ አበባ ወይም የውጭ አገር ሐኪም ደግሞ የጅቡቲን በጋ ስለማያውቅ ራሳችሁ ንገሩት። የመራመጃው ሰዓትም ግልጽ ነው፤ የፈጅር ሶላት የሰገደ ከሶላት መልስ፣ ቤተ ክርስቲያን የሳመ ከኪዳን መልስ፣ ፀሐይ ሳትበረታ። ማታ ደግሞ ነፋሱ ከባሕር ሲመጣ፣ በሲየስታ ዳርቻ በኩል። የውሃ መጠንንና የሚያሸና መድኃኒትን ነገር ግን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ በዚህ ሙቀት እሱ ለብቻው ብዙ ያነጋግራል።

ስለ ጫት ሳልናገር ባልፍ ግማሹን እውነት መደበቅ ይሆንብኛል። ከአወዳይ የተነሣው ጫት እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ከተማው ውስጥ ሲከፋፈል የከተማው ድባብ እንደሚለወጥ ሁላችንም እናያለን። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብን ምት ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። በዚያ ላይ ለአራትና ለአምስት ሰዓት ተቀምጠን ነው። መሣሪያው ይህን ጫት ብሎ አያውቀውም። የሚያየው እግር ሳይንቀሳቀስ ልብ ሲሮጥ ነው፤ ምቱ ከፍ፣ እንቅስቃሴው ዜሮ። ሐኪሙ ሕመም ነው ብሎ መድኃኒት ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ሳታፍሩ ንገሩት። በ2011 የታተመ የባሕረ ሰላጤው አገሮችና የየመን ጥናት በልብ ድንገተኛ ሕመም ሆስፒታል ከገቡት መካከል ጫት የሚቅሙት ከማይቅሙት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ እንደነበር አሳይቷል። የተተከለለት ሰው ቢተወው እመርጣለሁ፤ ይህን በግልጽ እላለሁ።

የከባድ መኪና ሾፌሮች እዚህ አላችሁ? ከጋላፊ እስከ ፒኬ 12 የምትመላለሱ ወንድሞቼ፣ ይህ ለእናንተ ነው። በተለይ የቀድሞዎቹ ሴንሰሮች የሚሰሙት ንዝረትን ነበር። መኪና በተበላሸ መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ መሣሪያው ሰውየው እየተራመደ ነው ብሎ ሊያስብ፣ ምቱንም ሊያፈጥን ይችላል። የዛሬዎቹ ይህን ስሕተት ብዙ ቀንሰውታል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ የተቀመጠ ሰው መዝገቡ ላይ ሲራመድ የዋለ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሥራችሁን ለባለሙያው ንገሩት፤ ሴንሰሩ በኮምፒውተር ይስተካከላል። ዲፊብሪሌተር የተተከለለት ሰው ግን በብዙ አገሮች ከባድ መኪና እንዲነዳ አይፈቀድለትም፤ መሣሪያው ሲመታ መሪው ላይ ራሱን ሊስት ይችላልና። ከባድ ዜና መሆኑን አውቃለሁ። የእናንተም የመንገደኛውም ነፍስ ስለሆነ መነገር አለበት።

የዚህ ተገላቢጦሽ ደግሞ አለ። ምጣድ ፊት ቆማ እንጀራ ስትጋግር ያረፈደች፣ ከሰዓት በኋላ ልብስ ስታጥብና ስትተኩስ የዋለች እናት በወገቧና በክንዷ ሠርታለች። ደረቷ ግን ብዙም ወዲያ ወዲህ አላለም፤ መዝገቡ ላይ «ተቀምጣ ዋለች» ሊል ይችላል። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችንም እንደዚሁ። ከባድ ነገር ቆሞ ማንሣትና ማውረድም እንዲሁ መዝገቡ ላይ አንሶ ይታያል። ሐኪም ቁጥሩን አይቶ «አትንቀሳቀሺም» ካላት የዋለችበትን ሥራ በዝርዝር ትንገረው። ቁጥሩ የሚጠቅመው የራሷን ያለፈ ወር ከራሷ የዛሬ ወር ጋር ለማስተያየት እንጂ ከሌላ ሰው ጋር ለማወዳደር አይደለም።

አሁን መረጃው የማን ነው ወደሚለው ልሂድ። አንዳንድ ታማሚዎች ከአልጋቸው አጠገብ የሚቀመጥ ማስተላለፊያ ይሰጣቸዋል፤ ሌሊት መሣሪያውን አንብቦ በሞባይል ኔትወርክ ወደ ኩባንያው ይልካል፣ ከዚያ ሐኪሙ ያያል። ሕንድ ወይም ፈረንሳይ ያስተከለ ሰው ይህ ማስተላለፊያ ጅቡቲ ውስጥ ይሠራ እንደሆነ ከመመለሱ በፊት ይጠይቅ። ዲፊብሪሌተር የተተከለለት አሜሪካዊው ሁጎ ካምፖስ «ከገዛ ደረቴ የሚወጣውን መረጃ ሐኪሙና ኩባንያው ያያሉ፣ እኔ ለምን አላይም?» እያለ ለዓመታት ተሟግቷል። ጥያቄው የእኛም ነው። መረጃው ባለቤቱ ላይ ሊመሰክር እንደሚችልም እወቁ፤ በ2016 ኦሃዮ ውስጥ ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው ፖሊስ ጠርጥሮ የፔስሜከሩን መዝገብ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወስዷል፤ በ2017 ደግሞ ዳኛው ማስረጃው እንዲቀርብ ፈቅደዋል። ፍርሃት እንዲያድርባችሁ አልነግራችሁም፤ ሌላው የሚያየውን እናንተም የማየት መብት እንዳላችሁ ለማሳሰብ ነው።

የዚህ ሁሉ መሠረት ደግሞ መሣሪያውን ማግኘት ነው። ከ2011 እስከ 2016 ባለው ጊዜ የአፍሪካ የልብ ሐኪሞች ባደረጉት ጥናት፣ መካከለኛው ቁጥር ሲታይ በአፍሪካ አገሮች ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ በዓመት ሦስት ፔስሜከር እንኳ አይተከልም ነበር፤ ከአውሮፓ 200 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ዶክተር በላይ አበጋዝ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት የጀመሩት ጥረት በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከል እስከመክፈት መድረሱ ምን ያህል ትግል እንደጠየቀ ታውቃላችሁ። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችም ከሟቾች በቤተሰብ ፈቃድ የተወሰዱ፣ ጸድተው የተፈተሹ ፔስሜከሮችን በሰባት አገሮች አስተክለው በ2024 ውጤቱን ሲያቀርቡ ከአዲሶቹ እንደማያንሱ ታይቷል። መሣሪያውን የማግኘት ዕድል የደረሰው ሰው መሣሪያው የሚነግረውን ሳይሰማ መቅረቱ ነው የሚያሳዝነኝ።

እንግዲህ በሚቀጥለው ቀጠሮ እንዲህ አድርጉ። ባለሙያው «ባትሪው ደህና ነው» ሲላችሁ ከወንበሩ አትነሡ። «እንቅስቃሴዬ ስንት ነው? ካለፈው ጊዜ ቀንሷል ወይስ ጨምሯል? ወረቀቱን አትምልኝ» በሉት። ወረቀቱን ከልጆቻችሁ ጋር እዩት፤ በተለይ «ተቀመጡ» ከሚሉት ጋር። የመሣሪያው ስምና ሞዴል የተጻፈበትን ካርድ ከመታወቂያችሁ ጋር ያዙ፤ የአንዱን ኩባንያ መሣሪያ የሌላው ኮምፒውተር አያነበውምና፣ ካርዱ ከሌለ ሐኪሙ በምን እንደሚያነብላችሁ አያውቅም።

ዛሬ ካርዳችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ በፈረንሳይኛም ሆነ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቢሆን፣ ከመድረኩ ስወርድ በስተቀኝ ካለው ጠረጴዛ አጠገብ ታገኙኛላችሁ። ባልባላም ሆነ ቡላኦስ ቤት የዋለ ታማሚ ያላችሁ ደግሞ የካርዱን ፎቶ በስልክ አንሥታችሁ ብታመጡልኝ ይበቃል። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።